አየር በተራ

እናንተ ሰፈር አየር ይበቃችኋል? ለመተንፈሻ የሚሆነውን አላልኩም፤ እሱማ እኛም ጋ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከነአቧራው ሞልቷል። እኔ የምላችሁ ስልክ የሚጠጣውን አየር ነው። የቆቦ ሰው በመሬት ይጣላል፣ በጎርፍ ውሃ ይጣላል፣ ሠርግ ቤት ሥጋ አሳነሱብኝ ብሎም ይጣላል። በአየር ሲጣላ ግን በዚህ ዕድሜዬ ያየሁት የእኛን መንደር ብቻ ነው። ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔ ነኝ፤ የተቃጠልኩትም እኔው ነኝና ፍርዱን ለእኔው ተዉልኝ።

ልጄ አሚናት አረብ አገር የሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመት አለፋት። ስልኳን ሳምንቱን ሙሉ መዳሟ ቆልፋ ትይዝባታለች። አርብ አርብ፣ ቤተሰቡ ዘመድ ሊጠይቅ ሲሰናዳ፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ትለቅላታለች። የአሚናት ስልክ የራሱ መስመር የለውም፤ በቤቱ ዋይፋይ ነው የሚኖረው። የእኔም እንደዚያው በሰው ዋይፋይ ነው። በካርድ የሚገባውን ኔትማ ሞክሬዋለሁ፤ "እማ፣ እንዴት ነሽ?" ብላ "ደህና" ሳልላት ያልቃል። እናም እናትና ልጅ፣ ሁለታችንም ሰው ቤት ተጠግተን፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት እንተያያለን።

ዋይፋዩን ያመጣልኝ መምህር አዲሱ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ግቢዬ ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ከአጥር ወዲያ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ትርንጎ መብራቱ የሚርገበገብ ሳጥን ያስገባች ጊዜ፣ ጎረቤት ናትና የሚስጥር ቁጥሩን ሰጠችን። መምህሩ ስልኬ ላይ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ራሱ ያውቃል፤ እኔ ከየት ታመጣለህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። የሚያበላን ሰው ከየት አመጣኸው አይባልም ብዬ ነው መሰለኝ። የልጄ ፊት ወለል ብሎ ይመጣ ነበር። የግንባሯን ላብ እንኳ አየው ነበር።

ከዚያ ሰው ሁሉ ሳጥን ማስገባት ጀመረ። ካፌው አስገባ፣ ፀጉር ቆራጩ አስገባ፣ መድኃኒት ቤቱ አስገባ፣ ፎቶ ቤቱ አስገባ። አንድ ሳጥን በተጨመረ ቁጥር የልጄ ፊት ይቀንሳል። መጀመሪያ ከንፈሯና ድምጿ ተጣሉ፤ ከንፈሯ አንድ ነገር ሲል ድምጿ ሌላ ይላል። ቀጥሎ ፊቷ እንደ ተሰበረ ገል ተበታተነ። ከፍ ባደርገው ይሻላል ብዬ ስልኩን ይዤ አልጋ ላይ ቆምኩ፤ አልጋው ተሰበረ። ግቢውን ስዞር አየሩ ደህና የሆነው ሽንት ቤቱ ቆርቆሮ ጋ ሆኖ ተገኘ። እናላችሁ፣ ልጄ ባሕር ማዶ ሆና ሽንት ቤቴን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። "እማ፣ ከላይ ሦስተኛው ምስማር ወልቋል" አለችኝ አንድ አርብ። ዞሬ ባየው እውነቷን ነው።

ይኼ ሁሉ እስከዚያ ድረስ የሚያስቅ ነበር። አንድ አርብ ግን ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ፣ "እማ፣ ኮንትራቴ እያለቀ ነው። መዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ ትለኛለች፤ የሚመጣው አርብ መልስ ስጪኝ ብላኛለች። ልፈርም ወይስ ልም…" አለችና እዚያው ላይ ደረቀች። አፏ እንደ ተከፈተ ቀረ። እኔ እያሰበች መስሎኝ ጠበቅኳት። ቆይቼ "አፍሽን ዝጊ ልጄ፣ ዝንብ ይገባል" አልኳት። ለካ የማወራው ከሥዕል ጋር ኖሯል። ግማሹ ሰዓት በዚያ አለቀ።

ይኼን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሁለቴ ጠይቃኛለች። ሁለቴም "እንዳየሽ" አልኳት። እንዳየሽ የሚባለው ነገር ክፉ ነው፤ መልስ ይመስላል እንጂ መልስ አይደለም፤ ሸክሙን ለጠያቂው መልሶ ማሸከም ነው። ሁለቴም ፈረመች። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ እየተንቋቋ መሆኑን የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ግን ቃሌን አዘጋጅቻለሁ። አንዲት ቃል ናት፤ "ነይ"። ያጣነውን አብረን እናጣዋለን፤ ነይ።

መምህሩ "እማማ፣ ድምፅዎን ቀድተን እንላክላት፤ አርብ ስልኳን ስትከፍት ትሰማዋለች" አለኝ። እምቢ አልኩ። "ነይ" የሚባል ቃል እንደ ትናንት ወጥ ተሸፍኖ ይቀመጣል? እሷ እያየችኝ፣ እኔም እያየኋት ካልሆነ አልኩ። ይኼን ግትርነቴን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

ቅዳሜ መምህሩ በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና የነገሩን ሥር አስረዳኝ።

"እማማ፣ አየሩ እንደ መሬት ተሸንሽኗል። ይሄኛው ሽንሽን የሬዲዮ ጣቢያ ነው፣ ይሄኛው የፖሊስ፣ ይሄኛው የአውሮፕላን፣ ይሄኛው የሞባይል። ሁሉም ከመንግሥት ወረቀት አላቸው። ያለ ወረቀት የገባባቸው ይከሰሳል።"

"ዋይፋይስ?"

"ዋይፋይ የወል ነው።"

ወል ሲለኝ ገባኝ። የከብት ግጦሽ ወል ነው፤ ማንም ያስገባል፣ ማንም አያጥረውም።

"ማይክሮዌቭ የሚባለው ምድጃ ስለሚያውከው ለቁም ነገር አይሆንም ተብሎ የተተወ ጠርዝ ነው" አለኝ። "ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሕጉም ሁለት ነው። ድምፅህን ከልክ በላይ ከፍ አታድርግ፤ ሌላው ቢረብሽህ አቤት አትበል።"

"አቤት የማይባልበት ምን ሕግ ነው?"

"ነፃ የተሰጠ ነዋ፣ እማማ። ወረቀት የሌለው አቤት የሚልበት ደጅ የለውም።"

ይኼንንስ ሳልማርም አውቀዋለሁ፤ ልጄ ያለችበትን አገር አሰብኩ።

ወሉ አሥራ ሦስት ቦይ አለው አለኝ። ቦዮቹ ግን ተጠጋግተው የተቀደዱ ስለሆኑ የአንዱ ወደ አንዱ ይፈሳል፤ ሳይነካኩ የሚሄዱት አንድ፣ ስድስትና አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ስልኩን ከፍቶ ሲያሳየኝ የእያንዳንዱ ቤት ዋይፋይ እንደ ግመል ሻኛ ጉብ ጉብ ብሏል። ሁሉም ስድስት ላይ ተደራርበው ተኝተዋል። ሳጥኑ ከሱቅ ሲወጣ ስድስት ላይ ነው የሚመጣው፤ የነካካውም የለ።

"ሌላ ወልስ የለም?"

"ከፍ ብሎ አንድ ሰፊ አለ፤ አምስት ጊጋ ይሉታል። ፈጣን ነው። ግማሹ ላይ ግን ራዳር ቅድሚያ አለው፤ ራዳር ሲናገር ሳጥኑ ተነስቶ ቦታ ይለቃል።"

"ሸህ ሲገባ ከፍራሽ እንደሚነሳ ሰው?"

"ልክ እንደዚያ። ጨዋ ነው። ችግሩ የጭቃ ግድግዳ አያልፍም።"

"ጨዋ መቼ ግድግዳ ያልፋል" አልኩት።

ከዚያ ተያይዘን ወደ ካፌው ሄድን። ካፌው አስፋልቱ ዳር ነው፤ ወደ ዋጃና ወደ ሮቢት የሚሄድ ሰው ሚኒባስ እስኪሞላ እዚያ ይቀመጣል። "ዋይፋይ አለ" የሚል ጽሑፍ ለጥፏል፤ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ለዚህ ትበቃለች። ጣሪያው ላይ የበሬ ቀንድ የመሰለ አንቴና ተተክሏል። መምህሩ በትሕትና፣ "ወንድሜ፣ ይኼ ጉልበቱ ከልክ በላይ ነው፤ ሰፈሩን አስጨነቀው" አለው።

"ፈቃድ ያስፈልገዋል?" አለ ባለ ካፌው።

"አያስፈልገውም፤ ግን ልክ አለው።"

"ልኩን ማን ለካው?"

"መለኪያው እንኳ ያለው አዲስ አበባ ነው።"

"እንግዲያው አዲስ አበባ መጥታ ትለካው" አለና ለእኔ ወንበር ሳበልኝ። ክፉ ሰው አይደለም። አንቴናውን ብቻ አልነቀለም።

እሑድ መምህሩ የትርንጎን ሳጥን ወደ አሥራ አንደኛው ቦይ ወሰደው። ሰኞ ትርንጎ የቀሚስ ሥዕል ያለ ምንም መቆራረጥ አወረደች። ደስታዋን መደበቅ አቃታት። አሥራ አንድ ላይ ዝናብ ዘንቧል ተባለ። ፀጉር ቆራጩ ሰማ፣ መድኃኒት ቤቱ ሰማ፤ ፎቶ ቤቱ መነካካት ያውቃልና ለሁሉም ቀየረላቸው። ማክሰኞ ሲሆን መንደሩ በሙሉ አሥራ አንድ ላይ ሰፍሯል፤ ስድስት ባዶውን ቀርቷል።

"እኛ ወደ ስድስት እንመለሳ!" አልኩት መምህሩን።

"ከተመለስን ይከተሉናል፣ እማማ" አለኝ፤ እውነቱን ነው። ከብት ብቻውን ሣር አይግጥም።

ረቡዕ መምህሩ ፈተና ሊያርም ወልዲያ ሄደ። እኔ ከአርብ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ሐሙስ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ አያ ወልዱ ዘንድ ሄድኩ።

አያ ወልዱ የውሃ አባት ናቸው። የእኛ አገር ቆላ ነው፤ ማሽላችን የሚያፈራው ከተራራው በሚወርደው ጎርፍ ነው። ጎርፉን ጠልፈን በቦይ እየመራን በተራ እናጠጣለን። ተራውን የሚያወጡት፣ የላይኛው ሰው የታችኛውን እንዳይቀማ ዱላ ይዘው ቦይ ለቦይ የሚዞሩት የውሃ አባት ናቸው። መጨረሻ ላይ ያለው የጭራው ማሳ ተራው ሲደርስ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ቦዩን ይደፍናል። ይኼ የአባት ሕግ ነው፤ ደም እንዳንቃባ ከጠበቁን ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ዘንድሮ ጎርፉ ቀረ። አያ ወልዱም ደረቅ ቦይ ዳር ዱላቸውን ይዘው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ሥራ የፈታ ዳኛ ያሳዝናል።

"አያ ወልዱ፣ ላይኞቹ አየሩን ጨረሱብኝ፤ እኔ ጭራ ሆኜ ቀረሁ" አልኳቸው። የልጄንም ነገር ነገርኳቸው።

"ስንት ቦይ አለው?" አሉኝ።

"ደህና የሚባል ሦስት። ሁሉም አንዱ ላይ ተረባርበዋል።"

"ምንጩስ የት ነው?"

እዚህ ላይ ነበር ቆም ማለት የነበረብኝ። "አየሩ ውስጥ ነዋ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ፍርዱ ያው የውሃው ነው" አሉና ተነሱ። ሲነሱ አሥር ዓመት የቀነሱ መሰለኝ።

በዚያው ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ ባለ ሳጥኑ ሁሉ ግራሩ ሥር ተሰበሰበ። አያ ወልዱ ፈረዱ፦ ነገ አርብ፣ ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል፣ ከካፌው አንስቶ እስከ መቃብሩ ድረስ ሁሉም ሳጥኑን ይዘጋል፤ አየሩ ለጭራው ማሳ ይለቀቃል።

"ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ካጣ ደንበኛዬ ይሸሸኛል" አለ ፀጉር ቆራጩ።

"ጆሮውን አትቁረጠው እንጂ አይሸሽም" አሉት።

ባለ ካፌው ተነሳ። "ለአንዲት ስልክ ሰፈር ሙሉ ይዘጋል? ሕግ የለውም።"

አያ ወልዱ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። "አባትህ የጭራ ማሳ ነበረው። ላይኞቹ እየደፈኑለት ነው በዚያ ማሽላ ያሳደገህ። እነሱስ ሕግ ነበራቸው?"

ባለ ካፌው መሬት መሬት አየ። "እዘጋለሁ" አለ። ያን ጊዜ ወላሂ ዓይኔ እንባ ሞላ። አቤት የሚባልበት ደጅ ያገኘሁ መሰለኝ።

ሰው ሲበተን ትርንጎ ጠጋ አለችኝ። "እትዬ፣ የእኔንም ላጥፋው እንዴ?"

"የአንቺማ ይቅደም እንጂ! ጭራውን የሚያደርቀው የቅርቡ ቦይ ነው።"

"ኧረ እኔ እንጃ…"

"አብሽሪ" አልኳት።

አርብ ደረሰ። ከሰላት በኋላ ገላዬን ታጥቤ፣ አሚናት የላከችልኝን ሻርፕ ለበስኩ። ካርድ ስልኬ ላይ አልሞላሁም፤ አየሩ በሙሉ የእኔ ሆኖ ካርድ ምን ያደርግልኛል? ሽንት ቤቱ ጋም አልሄድኩም። ልጄ ዛሬ እንኳ ግቢዬን ትይ ብዬ ወንበሬን መሐል ግቢ አስቀመጥኩ። ከዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ጀምሮ አያ ወልዱ ዱላቸውን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ፤ የሳጥኑን መብራት በዓይናቸው ሳያዩ አላለፉም። ባለ ካፌው የአንቴናውን ገመድ ሊነቅል ጣሪያ ላይ በራሱ እግር ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መንደሩ ጭጭ አለ። እንደዚያ ያለ ንጹሕ አየር ቆቦ አይታ አታውቅም።

ስልኬም ጭጭ አለ።

"ታገሺ እቴ" አሉኝ አያ ወልዱ፤ ግቢዬ ገብተው ቆመዋል። "ውሃም ከላይ ተለቆ ጭራ እስኪደርስ ይቆያል።"

ታገሥኩ። ዘጠኝ ከአሥር ሆነ። ስልኩን ወደ ተራራው አዞርኩት፤ ጎርፉ ከዚያ ነው የሚመጣው ብዬ። ትርንጎ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። "መጣ?"

"መንገድ ላይ ነው" አልኳት።

ዘጠኝ ከሃያ ሲሆን አያ ወልዱ ፊታቸው ተለዋወጠ። "አንዱ ሰርቆ እየጠጣ ነው!" ብለው ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ሲመለሱ የፀጉር ቆራጩን ገመድ በእጃቸው ይዘዋል፤ ያ ምስኪን ሳይሰርቅ ነው የተቀማው። ስልኬ አሁንም ዝም።

ያኔ ትርንጎ ከአጥሩ ወዲያ፣ ድምጿ ተቀይሮ፣ "እትዬ፣ ስልክሽ የማንን ነው የሚጠጣው?" አለችኝ።

"የአየሩን ነዋ።"

"የአየሩን… የማንን?"

ተያየን። ሁለታችንም የእሷን መስኮት አየን። ሳጥኑ መጋረጃው ሥር ጨልሞ ተቀምጧል።

ወይኔ! ትርንጎ እየሮጠች ሄደች። ሳጥን ግን እንደ ሰው ተጠርቶ አይነሳም። ቀይ አለ፣ ጠፋ፣ እንደገና ቀይ አለ። አረንጓዴ ሲሆን ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ስልኬ ባንድ ጊዜ ተንጫጫ፤ ሦስት ያልተነሱ ጥሪዎችና አንድ የድምፅ መልእክት። ትርንጎ መጥታ ነካችልኝ፤ ሁላችንም ቆመን ሰማን።

"እማ፣ ሦስቴ ጠራሁሽ። ልቅሶ ቤት ሄደሽ ይሆናል። መዳም በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ዝም ያልሽው መልሱ ጨንቆሽ ከሆነ አታስቢ፤ ፈርሜላታለሁ። ጉልበቴ አሁን ደህና ነው።"

አያ ወልዱ "ምንጩን ጠይቄሽ ነበር" ሊሉኝ ይችሉ ነበር። አላሉም። የፀጉር ቆራጩን ገመድ እጃቸው ላይ ጠቅልለው ጠቅልለው፣ ሳይሰናበቱኝ ወጡ። መምህሩ እሑድ ሲመለስ ነገሩን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቁ አመለጠው፤ ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሳጥኑ ራሱ ነው ምንጩ፣ እማማ" አለኝ። "የሌሎቹ ጫጫታ ነበር። የእርስዎ ግን የትርንጎ ነበር።"

በቀጣዩ አርብ የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ማንም ሳይለምናቸው፣ ከትርንጎ በቀር ሁሉም ዘጉ። ባለ ካፌው ጣሪያ ላይ ሲወጣ አየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጄ ፊት ደጄ ላይ የቆመች ያህል ጥርት ብሎ መጣ። ጆሮዋ አጠገብ ሦስት ሽበት አየሁ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አላየኋቸውም ነበር።

"እማ! ዛሬስ እንዴት ጠራሽ! የመስኮቱ ቀለም ሳይቀር ይታየኛል።"

"ጎረቤት ነው ያጠራኝ" አልኳት።

ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ። ቀረ አልኳት። ስለ ወገቤ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት። ከዚያ ፊቷን አስጠጋች።

"እማ፣ ያን ዕለት ምን ልትዪኝ ነበር? እንዲያው ቃልሽን ሰምቼው በነበር እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ነው የከረምኩ።"

"ነይ" የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ናት። አሁን ብላት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ደረጃ ይዛት ትወጣለች፣ ይዛት ትወርዳለች። ምንም አልነበረም ብላት ደግሞ ታምነኛለች፤ ይኼ ይብሳል።

"ልጄ፣ እየተቆራረጠብኝ ነው" አልኳት። "አይሰማኝም።"

"እማ? እማ፣ ይሰማሻል? እኔኮ ደህና ታይዪኛለሽ።"

ፊቴን እንዳይነቃነቅ ያዝኩት፤ ዓይኔንም አላርገበገብኩም። "ደረቀች" አለች ለራሷ። አልዘጋችውም። ግማሹ ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ እሷ እኔን፣ እኔም እሷን እያየን ቆየን፤ ስትተነፍስ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።